ሐይቁ የሊንዳ ነው

ቤት ልንጠብቅ መሆኑን ስነግረው ባሌ ባይሳ ሳቀብኝ። «ይህን ሁሉ ዓመት አሜሪካ ኖሬ፣ በስተርጅና ዘበኛ ልታደርጊኝ?» አለ። ዱላና ካፖርት እንድገዛለትም ጠየቀኝ። አልተቆጣሁም። ቤቱን ሳያይ ነው የሚያወራው ብዬ ዝም አልኩት። እኔ ዝም ያልኩት ሰው ደግሞ መጨረሻው አያምርም።

ቤቱ የሊንዳ ነው። የሊንዳን እናት እስኪያርፉ ድረስ ዉድበሪ ባለው የአረጋውያን መኖሪያ የተንከባከብኳቸው እኔ ነኝ። ሊንዳ ጡረታ የወጣች መምህር ናት፤ ከእናቷ ቀብር በኋላም አልጠፋችም፣ ለገና ካርድ ለልደቴ አበባ ትልክልኛለች። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አሥራ ስምንት በጋ ልጇ ኦሪገን ወልዳ አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ደወለችልኝ። «ድመቴን የምታበላ፣ አበቦቼን የምታጠጣ፣ ቤቴ ውስጥ የምታድርልኝ ሰው እፈልጋለሁ። ካንቺ በላይ የማምነው የለም» አለችኝ። ባይሳ ሰምቶ እንደሆነ ዞር ብዬ ባይ ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጧል። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ «ሊንዳ፣ እስቲ ድገሚልኝ» አልኳት። ደገመችልኝ።

ባይሳ ሴንት ፖል ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነው የሚነዳው፤ በጋ ትምህርት ቤት ስለሚዘጋ ሥራ የለውም። እኔም ስንት ዓመት ሳልነካው የተጠራቀመ ቬኬሽኔን ጠየቅሁና ሻንጣችንን ይዘን ሄድን።

ቤቱ ዋይት ቤር ሐይቅ ዳር ነው። ሳሎኑ በሐይቁ በኩል ዳር እስከ ዳር መስታወት ነው፤ ከበረንዳው ሣሩ ቁልቁል ወርዶ ውኃው ጋ ሲደርስ የእንጨት ድልድይ ይቀበለዋል፤ ድልድዩ ጫፍ ላይ ፖንቱን የሚሉት ጠፍጣፋ ጀልባ ታስሯል፤ ጀልባ ከምለው ሶፋ ያለው ሳሎን ውኃ ላይ ወጣ ብል ይቀለኛል። ኮሎምቢያ ሃይትስ ካለው አፓርታማችን መስኮት የሚታየው የመኪና ማቆሚያ ነው። ባይሳ መስታወቱ ፊት ቆሞ ሐይቁን አየ፣ ቆየና «ያ ዋቅ!» አለ፣ በኦሮምኛ አምላኬ ማለቱ ነው። ዘበኛ የምትለዋ ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ ከአፉ አልወጣችም።

እንደዚያ በጋ የተንሸራሸርኩበት ጊዜ በሕይወቴ የለም። ጠዋት ድመቷን አብልቼ፣ አበቦቹን አጠጥቼ፣ ለፋሲካ የገዛሁትን ነጭ ቀሚስ እለብስና ጃንጥላዬን ዘርግቼ በሐይቁ ዳር መንገድ እወጣለሁ። ፈረንጆቹ ጃንጥላውን ሲያዩ ቀና ብለው ሰማዩን ይቃኛሉ። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። ጃንጥላ ለፀሐይ እንደሚያዝ ማን ይንገራቸው? «ሃይ» ይሉኛል፣ እኔም እንደ ባለ አገር «ሃይ» እላለሁ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚህ አገር የሄድኩት ወይ ወደ ሥራ ወይ ከሥራ ነበር፤ ለመሄድ ብቻ ብዬ ስሄድ እግሬ ራሱ ግራ ገባው።

ዓርብ ዓርብ መሐል ከተማው ላይ ገበሬዎች ገበያ ያቆማሉ። እሸት በቆሎ፣ ጎመንና ማር ገዝተን፣ ጥላ ሥር ቁጭ ብለን አይስክሬም እንልሳለን። ከሰዓት ደግሞ ፖንቱን ነው። የጎን ቤቱ ሽማግሌ ፈረንጅ ሞተሩን አስነስቶ አሳየው፤ ከዚያ በኋላ ባይሳን ማን ይመልሰው! ጀልባውን እንደ አውቶቡሱ ነው የሚነዳው። ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ግራና ቀኝ ያያል፣ ቆሜ ካየኝ «ተቀመጪ!» ይለኛል። ዳክዬ መንገዱን ሲያቋርጥ ሞተሩን አጥፍቶ የቆመበት ቀን አለ። እኔ ሶፋው ላይ ተደላድዬ እግሬን እዘረጋለሁ። ሰው አጥቤ፣ ሰው አልብሼ፣ ሰው ደግፌ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ያን በጋ ውኃው እኔን ደገፈኝ። ኮርቼ ነበር። አሁንም ስናገረው እኮራለሁ።

ልጃችን ሶሊያና አንድ ቅዳሜ መጣች። ነርስ ናት፣ እዚሁ ሚኒሶታ ነው የተወለደችው፤ በአማርኛ ስትጠየቅ በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። ጀልባው ላይ በባርኔጣና በፀሐይ መነጽር ተቀምጬ ስታየኝ «ማሚ፣ ኩዊን!» ብላ ፎቶ አነሳችኝ። ፎቶውን ፌስቡክ ላይ አወጣሁት። ከሥሩ የጻፍኩት «ተመስገን» ብቻ ነው።

ጉድ የፈላው እዚህ ላይ ነው። በእኛ ሰው ዘንድ ከአንድ ትልቅ ቤት ፊት ፎቶ ተነስቶ «ተመስገን» ያለ ሰው ቤቱን ገዝቷል። እኔ ያመሰገንኩት ስለ ፀሐዩ ነበር፤ ማን ይሰማኛል? የሥራ ባልደረባዬ ፀዳለ በነጋታው ደወለች።

«የትምዬ፣ እንኳን ደስ ያለሽ! ሐይቅ ዳር!»

«ኧረ የእኔ አይደለም፣ የሊንዳ ነው። ቤት እየጠበቅን ነው።»

«ገባኝ፣ ገባኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «የሰው ዓይን ክፉ ነው። እህቴም ዉድበሪ ቤት የገዛች ጊዜ ዓመቱን ሙሉ ‹ኪራይ ነው› ነው ያልነው። እኔ ትንፍሽ አልልም።»

«ፀዳለ፣ በእመቤቴ የሊንዳ ነው!»

«አሜን፣ የሊንዳ ይሁን» ብላ ዘጋችው።

ትንፍሽ አልልም ያለች ሴት ለማን ለማን እንደነገረች አላውቅም። በዚያው ሳምንት ቤተ ክርስቲያን ስሄድ የማላውቃቸው ሴቶች ሁሉ ይስሙኛል። የሊንዳ ነው ባልኩ ቁጥር ጨዋነቴን ያደንቃሉ። እውነት ተናግሬ እንደዚያን ጊዜ የከሸፈብኝ የለም።

ወሬው ከደረሰባቸው ቤቶች አንዱ የቂርቆስ ቤት ነው። ቂርቆስ ሶሊያና ልታገባው የፈለገችው ልጅ ነው። ራሱን አልጠላውም፤ ትሑት፣ ሥራ ወዳድ፣ ሳየው ከመቀመጫው የሚነሳ ልጅ ነው። የሚያበሳጩኝ ዘመዶቹ ናቸው። ዉድበሪ ትልልቅ ቤት ያላቸው፣ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ሽማግሌ እንልካለን ካሉ ዓመት አልፏቸዋል። ቆይ ክረምቱ ይለፍ፣ ቆይ ጾሙ ይፈታ፣ ቆይ አጎትየው ከአዲስ አበባ ይመለስ። ልጄ ምንም አትልም፤ እኔ ግን ስልክ በጮኸ ቁጥር ፊቷን አያለሁ። እንግዲህ ፎቶው በወጣ በሳምንቱ ዋናው ሽማግሌያቸው አቶ ረጋሳ ለባይሳ ደወሉ። ከሁለት እሑድ በኋላ ይመጣሉ። የት? «ሐይቅ ዳር ወዳለው ቤታችሁ።»

«እና ምን አልካቸው?» አልኩት።

«እሺ አባባ፣ ደስ ይለናል።»

«የሊንዳ ነው አላልክም?»

«የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ ይታረማል እንዴ?» አለ ባይሳ፣ ጥፋተኛዋ እኔ የሆንኩ ይመስል።

ለሊንዳ ደውዬ ስነግራት እልል ማለት ብቻ ነው የቀራት። ሳሎኑንም ጓሮውንም ተጠቀሙ፣ ፎቶ ላኪልኝ አለች። ሶሊያና «ማም፣ ኢትስ ፐርፌክት!» ብላ አቀፈችኝ። ባይሳ ሽማግሌዎቹን በፖንቱን ሊያንሸራሽር አሰበ፤ የነፍስ አድን ሰደርያዎቹን ቆጥሮ እንደሚበቁ አረጋገጠልኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ያ ሁሉ መስታወት፣ ያ ሁሉ ውኃ፣ እኔ መሐሉ ላይ ጥለቴን ለብሼ። ዓመት ሙሉ ደጃችንን የናቁ ሰዎች ሲገቡ ዓይናቸው የሚያርፍበትን አጥተው ሲቅበዘበዙ ታየኝ። ሶፋዎቹን አስጠጋን፣ ወንበር አሰለፍን።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሑድ ጋሼ ደረሰን ጋበዝናቸው። ጋሼ ደረሰ ከእኛ ወገን ሆነው ሽማግሌዎቹን የሚቀበሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ቤቱን አስቀድመው ይዩት ብለን ነው። ባይሳ በፖንቱን አዞራቸው። ብረቱን በሁለት እጃቸው ጨብጠው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ዳዊት እየደገሙ ሄደው ተመለሱ። «እንዴት ነበር ሐይቁ?» ስላቸው «ቀዝቃዛ ነው» አሉኝ፣ አላዩትማ። ከዚያ ምሳ በልተን ስናበቃ በከዘራቸው ተደግፈው ብድግ አሉ። እኛም ተነስተን እጃችንን ዘረጋን።

«ይህን ቤት የአብርሃም ቤት ያድርገው» አሉ።

«አሜን!»

«በዚህ ደጃፍ ሙሽራ ይግባበት፣ ሙሽራ ይውጣበት!»

«አሜን!»

«የዚህን ቤት እመቤት ከነልጆቿ፣ ከነልጅ ልጆቿ...»

አሜን ልል አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። የዚህ ቤት እመቤት ሊንዳ ናት! ድመቷ ሶፋው መሐል ተቀምጣ፣ መዳፏን አጣጥፋ፣ ምርቃቱን በስሟ ትቀበላለች። ባይሳ «አሜን፣ አሜን» ይላል። ዛሬስ ይሁን፣ ሊንዳ ደግ ናት፣ ይባረክላት። የሚቀጥለው እሑድ ግን ለልጄ የተላኩ ሽማግሌዎች ሊመርቁ ነው። ልጄን ወልጄ አራስ የተኛሁት፣ የደብል ሺፍት እግሬን የነከርኩት፣ ሶሊያና ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ተደፍታ ነርስ የሆነችው ኮሎምቢያ ሃይትስ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ያ ቤት ስንት ዓመት ምርቃት ሲጠብቅ ኖሮ፣ የሱን ድርሻ ለድመት አሳልፌ ልሰጥ? ደሜ ፈላ።

ጋሼ ደረሰን ሸኝተን ድልድዩ ላይ ተቀምጠን ሳለ ለባይሳ ነገርኩት።

«እሑድ ቤታችን እንቀበላቸዋለን።»

«የቱ ቤታችን?»

«ስንት ቤት አለህ?»

ገባው። ሐይቁን አየ፣ ጀልባዋን አየ፣ እንደገና እኔን አየ። «የትሜ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ኤሌቬተር የለውም። አቶ ረጋሳ ጉልበታቸው አይሆንላቸውም።»

«አውቃለሁ።»

«ሊንዳ ፈቅዳለች። የሰረቅነው ነገር የለም።»

«ማን ሰረቅን አለ? የሰው ወርቅ አያደምቅም ነው የምልህ። ዓመት ሙሉ የት ነበሩ? ለልጄ ነው የሚመጡት ወይስ ለሐይቁ? እኔ ይህን ሳላውቅ ልጄን አልሰጥም።»

ባይሳ ዝም ሲል ተስማምቷል ማለት ነው። ቆይቶ ብቻ «ፖንቱኑስ?» አለኝ፣ በእውነት አሳዘነኝ።

ሶሊያናን ማሳመን ይብሳል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ የፈራሁትም አልቀረ። መጀመሪያ በእንግሊዝኛ ተቆጣች። ለምን ሁልጊዜ ነገር ታከብጃለሽ፣ ሊንዳ ፈቅዳለች፣ ማን ይጎዳል አለች። በመጨረሻ ድምጿ ወርዶ በአማርኛ «እማዬ፣ ባይመጡስ?» አለችኝ። ልጄ አማርኛ የምታወጣው ሆዷ ሲባባ ነው። «ካልመጡ የሚፈልጉት ሐይቁን ነበር ማለት ነው። ሳይመሽ አወቅን» አልኳት። እንዲህ ያልኩት በአፌ ነው። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ በኩራቴ የልጄን ትዳር ባፈርስስ?

ባይሳ በነጋታው ለአቶ ረጋሳ ደውሎ አድራሻውን ነገራቸው። የሐይቁ ቤት የወዳጃችን እንደሆነ፣ እኛ ስንጠብቅ እንደነበር አስረዳቸው። «ሦስተኛ ፎቅ?» ሲሉ ሰማሁ። «አዎ አባባ።» «እሺ» ብለው ዘጉት። የምን እሺ እንደሆነ አልገባንም። ፀዳለ ያን ቀን ሦስቴ ደወለችልኝ፣ አላነሳሁላትም።

እሑድ ቤታችንን ጠርገን፣ ምግቡን አሰናድተን፣ ጋሼ ደረሰን አስቀምጠን ጠበቅን። ባይሳ በየደረጃው ማረፊያ ወንበር አኖረ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሶማሊያዊት ጎረቤቴ ወንበሩን አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችው፤ ሲነግራት ወደ ቤቷ ገብታ ትራስ አምጥታ አነጠፈችበት። ሶሊያና መኝታ ቤት ገብታለች። ሰዓቱ አለፈ። መስኮቱ ጋ ቆሜ የመኪና ማቆሚያውን አያለሁ። ያ ነጭ ቀሚሴና ያ ጃንጥላዬ ትዝ አሉኝ፤ ምናለ ያን ቀን ፎቶውን ባላወጣሁ አልኩ። ጋሼ ደረሰ እንዳላፍር ብለው መሰለኝ ጣሪያውን ያያሉ።

ከዚያ መኪናው መጣ። ሦስት ሽማግሌዎች፣ ሦስቱም ነጭ ኩታ ደርበው ወረዱ። አቶ ረጋሳ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ ሰው ናቸው። ቀና ብለው ሕንፃውን አዩ። ባይሳ ሮጦ ወረደ። ከዚያ በኋላ የሰማሁት ከዘራ ነው፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዕረፍት። አንዱ ማረፊያ ላይ ተቀመጡ። ጠቅ፣ ጠቅ። ትራሱ ላይ ተቀምጠው ጎረቤቴን ሲመርቋት ሰማሁ። እኔ ከላይ ቆሜ ላብ ያጠምቀኛል። እጄን ዘርግቼ ደግፌ ባወጣቸው በወደድኩ፤ ሥራዬ ነው፣ እችልበታለሁ። ግን የልጅቷ እናት ሽማግሌ ልትቀበል ደረጃ አትወርድም።

ገቡ። ፊታቸው ወዝቷል፤ ሆኖም ደረታቸውን ነፍተው መሐል ቤት ላይ ቆሙ።

«ተቀመጡ እንጂ» አሉ ጋሼ ደረሰ እንደ ወጉ።

«አንቀመጥም» አሉ አቶ ረጋሳ እንደ ወጉ። «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም።»

ጉልበታቸው ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ከጀርባቸው ያለው አንዱ ሽማግሌ ዓይኑን በቤቱ ላይ አዙሮ ባይሳን «ሐይቅ ዳር ነው ብለውን ነበር እኮ» አለው፣ በቀልድ አስመስሎ።

ባይሳ አፉን ሳይከፍት ቀደምኩት። «ሐይቁ የሊንዳ ነው» አልኩ። «ልጅቷ ግን የእኔ ናት።»

ጋሼ ደረሰ አቀርቅረው ከዘራቸውን አዩ። አቶ ረጋሳ ግን ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ልጃችን ቂርቆስ ልጃችሁን ሶሊያናን ወዶ፣ እኛም ዘር ቆጥረን ጠባይ ጠይቀን፣ ልጃችሁን ለልጃችን ብለን ከደጃችሁ ቆመናል አሉ። በየመሐሉ ትንፋሽ እየሰበሰቡ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ጨረሱ። ከዚያም ድምጻቸውን ዝቅ አድርገው «ወይዘሮ የትምወርቅ፣ እባክዎን ዛሬውኑ እሺ በሉንና ይህን ደረጃ ሁለተኛ አያስወጡኝ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። ባይሳም ሳቀ፣ እሺ በይ በሚል ዓይን አየኝ።

እሺ ልል ነበር። ማርያምን፣ ልል ነበር። ግን የመኝታ ቤቱ በር ሥር የልጄ የእግር ጥላ ይታየኛል። ዓመት ሙሉ ያን ስልክ የጠበቀች ልጅ ናት።

«አባባ፣ ጉልበትዎን አይቻለሁ፤ አሳዝነውኛል» አልኩ። «በየፎቁ ወንበር ያኖርነውም ለዚያ ነው። ቂርቆስንም እንወደዋለን። ግን የእኔ ልጅ ደጅ ሳይጠናላት አትሄድም። ከዘመድ እንምከርና የዛሬ ሳምንት ይምጡ። ወንበሩ አይነሳም።»

የባይሳ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። አቶ ረጋሳ ለረጅም ጊዜ አዩኝ። አፈረሱት፣ በቃ አልኩ በሆዴ። ከዚያ ሽማግሌው ከዘራቸውን ወደ ግራ እጃቸው አዛወሩና ቀኝ እጃቸውን አነሱ።

«ልጅ የሚያከብር ቤት ነው» አሉ። «ይህ ቤት ይባረክ! እመቤቷ ትባረክ! የዛሬ ሳምንት ሲያደርሰን የምንወጣበትን ጉልበት ይስጠን!»

«አሜን!» አልኩ። እንዲህ ጮኼ አሜን ብዬ አላውቅም። ሁለተኛ ፎቅ ድረስ ተሰምቷል። ከመኝታ ቤት ውስጥ ደግሞ ቀጭን «አሜን» ስሰማ እንባዬ መጣ።

ሳይቀመጡ፣ ሳይቀምሱ ወጡ፤ ወጉ ነው። ባይሳ ሊሸኛቸው ተከትሎ ወረደ። እኔ በሩን ገርበብ አድርጌ ቆምኩ። ያ የሐይቁን ነገር ያነሳው ሽማግሌ አንደኛው ማረፊያ ላይ ሲደርሱ ማጉረምረም ጀመረ፤ ሐይቅ ዳር ብለውን፣ እዚህ ደረጃ ላይ፣ ደግሞ ተመለሱ አለችን፣ እያለ።

አቶ ረጋሳ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸውን እያሹ ነበር።

«ዝም በል» አሉት። «ሐይቁን ምን ታደርግበታለህ? ሴትዮዋን አላየሃትም?»

በሩን ቀስ ብዬ ዘጋሁና ልጄ ወዳለችበት ክፍል ሄድኩ።